ሐይቅ ያሻገርሁት ኮምፒውተር

ይህን ስጽፍ በእጄ ያሉኝ ምንጮች ሦስት ናቸው። አንደኛው የኪስ ማስታወሻ ደብተሬ ነው፤ ይሁን እንጂ የተሻገርሁበት ቀን የሰፈረበት ገጽ በሐይቁ ውኃ ርሶ ቀለሙ ፈስሷል። ሁለተኛው የልጄ የእመቤት ቃል ነው፤ እርሷ ግን ከእኔ የሰማችውን መልሳ ለእኔ ስለምትነግረኝ እንደ ነጻ ምስክር ልቆጥራት አልችልም። ሦስተኛው የራሴ ትዝታ ነው፤ ከሦስቱ አብልጬ የምጠረጥረውም እርሱን ነው። የሰዎችን ንግግር በጥቅስ ውስጥ ባስገባሁበት ቦታ ሁሉ፣ ቃል በቃል እንዲያ ተባለ ብዬ ለመማል አልደፍርም፤ መንፈሱ ግን እንዲያ ነበር።

ይህን ጉዞ ስደት ማለቴን ሰምታችሁ የምትስቁ የደንቢያ ሰዎች እንደማትጠፉ አውቃለሁ። የእናንተ ልጆች በረሃና ባሕር እያቋረጡ፣ እኔ ከቆላ ድባ ወጥቼ፣ ከጎርጎራ ጀልባ ተሳፍሬ፣ ባሕር ዳር ገባሁና ስደተኛ ነኝ እላለሁ። ሐይቁም ያው ሐይቅ ነው፤ ቋንቋውም ያው ቋንቋ ነው። ሆኖም ሰባ ዓመት አልፎት ቤቱን ቆልፎ ቁልፉን ለጎረቤት የሰጠ ሰው ካለ፣ እርሱ ይፍረድልኝ። ባለቤቴ ከሞተች በኋላ እመቤት ብቻዬን መኖሬን አልወደደችውም። እርሷ ባሕር ዳር በአንድ ፋብሪካ ቤተ ሙከራ ውስጥ ትሠራለች፤ ሰባታሚት በሚባል ሰፈር ሁለት ክፍል ተከራይታለች። «አባዬ፣ ወይ ይመጣሉ ወይ ሥራዬን ለቅቄ እመጣለሁ» አለችኝ። ሁለተኛው ስለማይሆን የመጀመሪያው ሆነ።

በመውጫዬ ዋዜማ፣ ሲመሽ፣ የኔታ ላእከ ማርያም ዘንድ ለስንብት ሄድሁ። የኔታ በልጅነቴ ቅኔ ያስተማሩኝ መምህር ናቸው። እኔ ቅኔ ቤቱን ትቼ ዘመናዊ ትምህርት ተማርሁ፤ ዲግሪ ደረብሁ፤ ታሪክ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። እሳቸው ከጎጇቸው አልተነቃነቁም። ዓይናቸው ከደከመም ቆይቷል። ለማያውቀው አንባቢ ልግለጽና፣ ቅኔ በእኛ ዘንድ ዛሬ ተቀኝተውት ነገ የማይደግሙት ነገር ነው፤ የትናንቱን ዛሬ ማምጣት ነውር ነው። ስለዚህ የአንድ መምህር ቅኔ የሚቀረው በተማሪዎቹ ጆሮ ብቻ ነው። እኔ ከጡረታ ወዲህ፣ በጆሮዬ የቀሩትን የየኔታን ቅኔዎች፣ ስድሳ ያህል ይሆናሉ፣ አንድ በአንድ በኮምፒውተር ስጽፍ ቆይቻለሁ። የኔታ መጀመሪያ አልወደዱትም። ኋላ ግን በአንድ ነገር አስማሉኝ፤ እሳቸው እየሰሙ እስኪያርሙት ድረስ አንድም ቅጂ ከእኔ እጅ እንዳይወጣ። ተማሪ ያልታረመ ነገር ከቅኔ ቤት ይዞ አይወጣምና ማልሁ። እርማቱንም፣ ባሕር ዳር ከገባሁ በኋላ፣ ፍልሰታ ሲፈታ በስልክ እንድንጀምር ተስማማን።

«ሳጥንህን ይዘህ ትሄዳለህ አሉኝ» አሉ ሲሰናበቱኝ። «እኔም እውስጡ ነኝ አሉ። እንግዲህ እየተጠነቀቅህ፤ በመንገድ እንዳታንጠባጥበኝ።»

በማግስቱ ስክሪኑን በሽምብራ ስልቻ መካከል ቀበርሁት፤ ዋናውን ሳጥን ግን በነጭ ጋቢ ጠቅልዬ ጀልባው ውስጥ በጉልበቴ ላይ አስቀመጥሁት። የእኔ ጥፋት የሚጀምረው ከዚያ ሳይሆን አይቀርም። ነጭ የተጠቀለለ ነገር በጉልበቱ አቅፎ የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ ያየ ተሳፋሪ ሁሉ ንዋየ ቅድሳት የያዝሁ መሰለው። ወጣቶች ቦታ ለቀቁልኝ፤ አንዲት ሴት ጋቢውን ተሳልማ ተመለሰች። ላርማት አስቤ ነበር። ግን የተለቀቀልኝ ቦታ ጥላ ያለበት ስለ ነበር፣ እርማቱን ጎርጎራ ከዓይናችን እስክትሰወር አዘገየሁት፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ አሳፈረኝ።

ባሕር ዳር ጥሩ ከተማ ናት፤ ይህን የምለው አከራዬ ስለሚያነቡት አይደለም። ሙቀቷ ግን እንደ እንግዳ ተቀባይ ነው፤ ከደጅ ይቀበልና እስከ መኝታ ይከተላል። የእኛ የደንቢያ መረሬ ጭቃ በክረምት ጫማ ያወልቃል፤ የዚህ አስፋልት በበጋ ጫማ ያቀልጣል። ሽሮው ሽሮ ነው ይሉኛል፤ እኔ ግን የሽምብራውን አገር ሳልጠይቅ አልበላም። ከሁሉ የከበደኝ ሰላምታው ነው። እኛ ዘንድ ሰላምታ ከሰው ተነሥቶ እስከ ጥጃው ይደርሳል። እዚህ ባለ ባጃጁ «ሰላም ነው?» ይልና፣ መልሴን ሳዘጋጅ ባጃጁ ታጥፏል።

በነዋሪነት ልመዘገብ ቀበሌ ሄጄ ከአገሬ ያመጣሁትን የመሸኛ ደብዳቤ ሰጠሁ። ጸሐፊው አገላብጦ አየና፣ የመጣሁበትን ምክንያት ጠየቀኝ። እርጅና ነው አልሁት።

«አባባ፣ እርጅና በዝርዝሩ የለም። ሥራ፣ ትምህርትና ጋብቻ ነው ያለው።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ከሦስቱ ለእርስዎ የሚቀርበውን ይምረጡ።»

ጥቂት አሰብሁና ትምህርት አልሁት። ቀና ሳይል ጻፈው።

አከራያችን እትዬ ዘነቡ ደግሞ ኮምፒውተሩ ሲገባ በር ላይ ቆመው ነበር። መብራት የሚበላው እንደ ካውያ ነው ወይስ እንደ አምፖል ሲሉ ጠየቁኝ። እንደ አምፖል ነው አልኋቸው። ሳጥኑ ሲከፈት ግን እንደ ልማዱ አጉረመረመ። «አምፖል አያጉረመርምም» አሉ። ማራገቢያው ነው ብዬ አስረዳሁ። ከሳምንት በኋላ ተመልሰው፣ «እሱስ ማራገቢያ አለው፤ እርስዎ ምን ሆነው ነው የሚያጉረመርሙት?» አሉኝ። ቅኔ ስጽፍ ድምፄ ይወጣል ለካ።

ወደ ጉዳዩ ልምጣ። ፍልሰታ ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረው በስክሪኑ ላይ ያሉት ፊደሎች ይደራረቡብኝ ጀመር። በመጀመሪያ ዓይኔ መሰለኝ፤ እመቤት አይታ ኮምፒውተሩ ነው አለች። ድራይቨሩ አርጅቷል፤ አዲስ ይጫንበት አለችና ከመሥሪያ ቤቷ በፍላሽ አመጣችልኝ። ድራይቨር የሚሉት፣ እኔ እንደ ገባኝ፣ በሳጥኑና በስክሪኑ መካከል ቆሞ የአንዱን ቃል ለሌላው የሚያደርስ አስተርጓሚ ነው። እመቤት ወደ ሥራ ሄደች። እኔ መመሪያውን ሁለት ጊዜ አነበብሁ፤ የማልስማማበት ነገር ባለማግኘቴ ተስማማሁ፤ አሮጌውን አስተርጓሚ አሰናበትሁና አዲሱን ቀጠርሁ። ኮምፒውተሩ ሪስታርት ላድርግ አለኝ፤ አድርግ አልሁት።

አልተነሣም። ማራገቢያው ይዞራል፤ የአምራቹ ምልክት ብቅ ይላል፤ ከዚያ ስክሪኑ ይጨልምና እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ስንት ጊዜ እንደ ሞከረ አልቆጠርሁም፤ እትዬ ዘነቡ ግን «ዛሬስ ሁለታችሁም አብራችሁ ተቆጣችሁ» ብለው አለፉ።

ስድሳው ቅኔ እዚያ ውስጥ ነበር፤ ሌላ ቦታ አልነበረም። ወረቀት አውጥቼ ከራሴ ልጽፋቸው ሞከርሁ። እስከ ቀትር ተቀምጬ የመጡልኝ አሥራ አንድ ብቻ ናቸው። በኮምፒውተር ካስቀመጥኋቸው ወዲህ ጭንቅላቴ ሸክሙን አውርዶ ነበር። በዚያ ላይ የየኔታ ልጅ ከሁለት ቀን በፊት ደውላ፣ አባቷን ሳል ይዟቸው አልጋ ላይ መሆናቸውን ነግራኝ ነበር። ሳጥኑ ባይነሣ ቅኔዎቹን የሚሰጠኝ ሌላ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ለመርሳት የተቀኙትን ከየት ያመጡልኛል?

መጀመሪያ የሄድሁበት ጠጋኝ ሳይከፍተው ፎርማት ይደረግ አለኝ። ምን ማለት ነው አልሁት። ያለው ሁሉ ይጠፋና እንደ አዲስ ይሆናል አለ። እኔን እንደዚያ ቢያደርገኝ ደስ እንደሚለኝ፣ ሳጥኑን ግን እንዲተወው ነግሬው ወጣሁ።

ሁለተኛዋ ሐና ትባላለች። ገበያው አጠገብ ጠባብ ሱቅ አላት፤ ብዙ አትናገርም፤ ስትናገርም መፍቻዋን አታስቀምጥም። የሆነውን ሁሉ በቅደም ተከተል አስረዳኋት፤ ከስምንተኛው ዐረፍተ ነገር በኋላ የሰማችኝ አይመስለኝም። ከዚያ ምንም ከመንካቷ በፊት ፋይሎቹን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ እንዳለባት ተናገረች። እኔም ያ የማይሆን መሆኑን ነገርኋት።

«ጋሼ፣ ሳልገለብጥ አልነካውም። ቢጠፋ እኔን ነው የሚጠይቁኝ።»

«እኔም ሳይታረም አላስገለብጥም። ለመምህሬ ምያለሁ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «እርስዎም መምህር አለዎት?»

አለኝ አልኋት፤ አልጋ ላይ ናቸው፤ ልደውልላቸው። የየኔታ ልጅ ስልኩን አንሥታ በጆሯቸው ላይ አኖረችላቸው። ሐናም እንድትሰማ የስልኬን ድምፅ ከፍ አደረግሁት፤ ሳሉ ቀድሞ መጣ፤ ከዚያ ድምፃቸው።

«አንተ ልጅ፣ አፈሰስኸኝ እንዴ?»

«ገና አልታወቀም፣ የኔታ። አንዲት ባለሙያ ከመክፈቷ በፊት ወደ ሌላ ዕቃ ልገልብጥ ትላለች። መሐላው አለብኝ።»

እኔ ሰባ ዓመት ያለፈኝ ሰው በጠባቡ ሱቅ ውስጥ እንደ ተማሪ ቆሜ ጠበቅሁ።

«ልጅቱ ግእዝ ታውቃለች?»

ሐናን በዓይኔ ጠየቅኋት፤ ራሷን ነቀነቀች። አታውቅም አልኋቸው።

«እንግዲያ ትገልብጥ። ያልገባው ሰው እንዳላየ ነው።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ሐና፣ «ደግ ሰው ናቸው» አለች። ጥቂት ቆይታም፣ «ግን ሰደቡኝ አይደል?» ስትል ጨመረች። በመጠኑ፣ አልኋት።

ዲስኩን ነቅላ ከራሷ ማሽን ጋር አገናኘችው። ቅኔዎቹ ተራ በተራ ሲያልፉ አየሁ፤ ስድሳውም ነበሩ። ወንበር ስላልነበረ በአንድ የተጣለ ፕሪንተር ላይ ተቀመጥሁ። ከዚያ ዲስኩን መልሳ፣ ኮምፒውተሩ ገና ሳይነሣ የሚታየውን የማስተካከያ ገጽ ከፈተችና ቆመች።

«ጋሼ፣ የዚህ ማሽን ቀን በዓመታት ወደ ኋላ ቀርቷል።»

«አልቀረም። በእኛ ዘመን አቆጣጠር ነው የሚሄደው። እኔ ነኝ ያስተካከልሁት፤ እያንዳንዱ ቅኔ የተጻፈበትን እውነተኛ ዓመት እንዲይዝ።»

መፍቻውን ያስቀመጠችው ያን ጊዜ ነው። «አስተካከሉት» አለች ቀስ ብላ። «ሰዓቱንም?»

«ሰዓቱንም። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሰባት ሰዓት የሚል ማሽን እንዴት አምናለሁ?»

ከዚያ በትዕግሥት አስረዳችኝ። ድራይቨር የተሠራበትን ቀን የያዘ ማኅተም አለው፤ ኮምፒውተሩም ሥራ ከመስጠቱ በፊት ማኅተሙን ከራሱ ቀን ጋር ያስተያያል። አሮጌው ማኅተሙ የቆየ ስለ ነበር አለፈ። አዲሱ ግን፣ በእኔ ሳጥን ቆጠራ፣ ገና ባልመጣ ዓመት የታተመ ሆነበት፤ ስለዚህ እንደ ሐሰተኛ ከደጅ መለሰው። ለእኔ ይህ የሳጥኑን ጨዋነት የሚያሳይ ነው፤ የቀበሌው ጸሐፊም የሚመጣው ዓመት ቀን ያለበት መሸኛ ባመጣለት አይቀበለኝም ነበር። ለሐና ይህን ስነግራት ሳቀች፤ «ማሽኑን አልወቅስም፤ እርስዎን ነው» አለችኝ።

ቀኑን ወደ ፈረንጆቹ መለሰች፤ ሴፍ ሞድ በሚሉት፣ ኮምፒውተሩ ያለ ትርፍ ነገር በሚነሣበት መንገድ ገብታ አዲሱን ድራይቨር አውጥታ አሮጌውን መለሰች። ተነሣ። ያዳነው የቀኑ መታረም ነው ወይስ የድራይቨሩ መውጣት ብዬ ጠየቅኋት፤ ሁለቱን አንድ ላይ በመለወጧ ማወቅ እንደማይቻል አሳሰብኋት።

«ከፈለጉ እንደገና ላበላሸውና አንድ በአንድ ልሞክርልዎ።»

ሳይረጋገጥ ይቅር አልኋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳጥኑ በፈረንጅ ዘመን ይኖራል፤ እኔ ፊት ለፊቱ በራሴ ዘመን እቀመጣለሁ። ፊደሎቹ አሁንም ይደራረባሉ፤ ለምጃቸዋለሁ። አንድ ክፍል የሚጋሩ ስደተኞች ከዚህ የተሻለ ስምምነት ያላቸው አይመስለኝም።

የኔታ ሳላቸው ጋብ ሲል እርማቱን ጀመርን። ከሰዓት በኋላ እደውላለሁ፤ በቀን አራት አምስት አነባለሁ፤ እሳቸው ያርማሉ። «ይህን እንዲህ አላልሁም፤ እንዲህ ብልማ ተማሪዎቹ ጥለውኝ በሄዱ» ይሉኛል። አንዳንዱን ሲሰሙ፣ «ምን ዓይነት ጥጋብ ነበረብኝ» ብለው ራሳቸውን ይታዘባሉ። በዚህ ዓይነት ወደ መጨረሻው ደረስን።

ከመጨረሻዎቹ አንዷ ሁለት ቤት ብቻ ያላት ጉባኤ ቃና ናት፤ በጎርጎራ ወደብ የማይበላውን እህል ስለሚሸከም ሰው የተቀኘች። አነበብሁ። 

«ድገማት» አሉኝ።

በሕይወቴ ሙሉ ድገም ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም። ደገምሁ።

«ይህቺ የእኔ አይደለችም።»

«ከእርስዎ አፍ ነው የሰማኋት፣ የኔታ።»

«እኔ ወደብ አይቼ አላውቅም፤ ጎርጎራ ወርጄ አላውቅም። የአንተ ናት። ቅኔ ቤቱን ጥለኸኝ በሄድህበት ሰሞን ተቀኝተሃታል፤ ምንም አላልሁህም። ካመሰገንሁህ ትቀራለህ ብዬ ፈራሁ፤ የምትሄድበት ትምህርት ይሻልሃል ብዬ ነበር።»

ከዚያ ሳሉ መጣ፤ ልጃቸው ስልኩን ወሰደች። በማግስቱ ስደውል ተኝተዋል አለችኝ፤ በሦስተኛው ቀን ደህና ነበሩ፤ ስለዚያች ቅኔ ስጠይቃቸው ግን የትኛዋን ነው አሉኝ።

እኔ እንዲህ ያለ ቅኔ መቀኘቴን አላስታውስም። የኔታ ጎርጎራ አለመውረዳቸውንም የሚመሰክርልኝ ሰው አላገኘሁም፤ እሳቸውም ረስተው ሊሆን ይችላል፤ ወይም ርቆ ለሄደ ተማሪ የተሰጠ ስጦታ ሊሆን ይችላል። የእኔ እንድትሆን አጥብቄ ስለምመኝ፣ በዚህ ጉዳይ የእኔ ምስክርነት አይታመንም። ከስድሳዎቹ መካከል ከግርጌዋ የባለቤት ስም ያልተጻፈባት እርሷ ብቻ ናት።