ቀይዋ ከፋይ

ሮቤ ገበያ፣ ልብስ ሰፊዎቹ በር ላይ፣ ማዳበሪያ ከረጢት ሙሉ ቁርጥራጭ ጨርቅ ሳይ እግሬ አላልፍ አለኝ። ከላይ ቀይ የከፋይ ጨርቅ ብቅ ብላለች።

ልጆች ሳለን ጎባ፣ አዳዳ የምንላቸው የአባታችን ታላቅ እህት እንዲህ ያለውን ቁርጥራጭ ለቃቅመው፣ ለአራታችን የሚበቃ ብርድ ልብስ ሰፉልን። ጎረቤት "ድሪቶ" ቢለውም የጎባን ብርድ የቀመሰ ሰው አይስቅበትም። መዳፍ የምታክል፣ እንደ ጫጩት ጀርባ የምትለሰልስ አንዲት ቀይ ከፋይ ደርሳቸው ነበርና "በኔ በኩል ይስፉልኝ!" እያልን ተጯጯህን። ታናሽ ወንድሜማ መሬት ላይ ተንከባለለ።

አዳዳ ክሩን በጥርሳቸው በጠስ አድርገው፣ "ዝም በሉ! መሀል ላይ ነው የምሰፋት። ብርድ የሚገባው በጫፍ እንዳይመስላችሁ፤ በመሀላችሁ ነው" አሉ።

ከዚያ ወዲያ ብርድ ልብሱን ወደ ራሱ የሚጎትት ጠፋ። ጉንጩን ከፋይዋ ላይ ለማሳረፍ ሁሉም ወደ መሀል ይጋፋል። ራስ ከራስ ይጋጫል፣ እግር በእግር ላይ ይነባበራል፣ በሳቅ እንፈርሳለን። አዳዳ ከመደባቸው ሆነው "አሁንስ ሞቃችሁ?" ይሉናል።

የኔ ሁለት ልጆች የየራሳቸው አልጋ፣ የየራሳቸው ብርድ ልብስ አላቸው። ከረጢቱን ተሸክሜ ቤት ስገባ ግን ከፋይዋን ሴቷ በአንድ ጫፍ፣ ወንዱ በሌላው ያዙ።

"የኔ ናት!"

"እኔ ነኝ ቀድሜ ያየኋት!"

ሳቄን ዋጥ አድርጌ መርፌ ፍለጋ ገባሁ።