የአማቷ ጀሪካን

የታሰርኩት በመምህራን ስብሰባ ላይ በተናገርኩት ነገር ነው። ከቤት ሲወስዱኝ ነጠላዬን እንድይዝ ፈቀዱልኝ። አሰላ ላይ ክረምት ስለነበር የታሰርኩበት ክፍል ግድግዳ ውሃ ያልብ ነበር። ወለሉ ላይ ሁለት ሴቶች አንድ ፍራሽ ተጋርተው ተቀምጠዋል፤ አንዷ ድንች ነጋዴ፣ ሌላዋ ለጋ ወጣት፣ ነፍሰ ጡር የገበሬ ሚስት። ነፍሰ ጡሯን የያዟት ወንድሟን ፈልገው ሲያጡ ነው።

ነጋዴዋ ሥራዬን ጠየቀችኝ። ባዮሎጂ አስተምራለሁ አልኳት።

«ጥሩ ነው» አለች። «እዚህ ከክፍል የሚቀር ተማሪ የለም።»

ሳልወድ ሳቅሁ።

ቧንቧው ብዙ ጊዜ ስለሚጠፋ የነፍሰ ጡሯ አማት ጠዋት ጠዋት ውሃ ያመጡላታል። እሷም ለሁላችን ትቀዳለች። በማግስቱ ኩባያውን ወደ አፌ ሳስጠጋ ሽታው አቆመኝ። ጀሪካኑን አዙሬ አየሁት። ወረቀቱ ተልጧል፤ የራስ ቅሉ ሥዕል ግን ግማሹ ቀርቷል። ስንዴ ላይ የሚረጭ የአረም መድኃኒት ዕቃ ነበር።

«በአመድ ታጥቧል» አለችኝ ልጅቷ። «እኛ ጋ ሰው ሁሉ በዚህ ነው የሚቀዳው። ጠንካራ ነው።»

ፅንሱን አሰብኩና ነገርኳት። በእያንዳንዱ ሴላችን ውስጥ ሰውነት የሚሠራበት ጽሑፍ እንዳለ፣ ዲኤንኤ እንደሚባል፣ ሴሉ ሲከፈል እንደሚገለበጥ። አንዳንድ ኬሚካል፣ ጭስና ጨረርም ጽሑፉን እንደሚያበላሹት። ሰውነት አብዛኛውን ራሱ ያርማል፤ ሳይታረም የቀረው ግን ካንሰር ሊያመጣ፣ ፅንስም ሊጎዳ ይችላል።

«ቲቸር» አለች ቀስ ብላ። «ከዚህ በፊት ሁለቴ አስወርዶኛል። ከዚህ ነው?»

«አይታወቅም። ሌላም ምክንያት ይኖራል።»

እውነቴን ነበር። እሷ ግን የምትሰማውን ሰምታ ጨርሳለች።

«ሰው እርግማን ነው ይላል። እርግማን ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ባሌ ሲረጭ መድኃኒቱን የምበጠብጥለት እኔ ነኝ። በባዶ እጄ።»

ነጋዴዋ ወደ እኔ ዞረች። «ምናለ ውሃው ይሸታል ብለሽ ብታቆሚ?»

ያን ዕለት ጸሎቴን ጀምሬ መጨረስ አቃተኝ። ከእርግማን አወጣኋት ብዬ የባሰ አሸክሜያት ነበር።

በነጋው አማቷ ጀሪካኑን አዝለው፣ ዝናብ አርሷቸው መጡ። ልነግራቸው ስነሳ ልጅቷ ክንዴን ያዘችኝ። ራሷ ወደ በሩ ሄዳ እጃቸውን ሳመች። የተነጋገሩት እኔም በምሰማው ኦሮምኛ ነው።

«እማዬ፣ ይሄ ያፈሳል። ነገ በዘይት ጀሪካን ያምጡልኝ።»

«የት ጋ ነው የሚያፈሰው?» አሉ እያገላበጡ።

«ከሥሩ። ጀርባዎ ርሶ የለም?»

«ዝናብ ነው እንጂ።»

«ዝናቡም ጀሪካኑም ነው። ቤት ያሉትንም ይጣሏቸው፣ ሁሉም ያው ናቸው።»

«የዛሬ ልጆች ዕቃ አይበረክትላችሁም» ብለው እያጉረመረሙ ሄዱ።

ውሃውን ሽንት ቤት ደፋችውና አጠገቤ ተቀመጠች።

«ጀሪካኑን በአመድ የሚያጥቡት እሳቸው ናቸው» አለችኝ። «ያስወረደኝንም በጨርቅ ጠቅልለው የቀበሩልኝ እሳቸው ናቸው። ታዲያ ምን ብዬ ልንገራቸው?»

ያን ቀን ቧንቧው እስኪመጣ ሦስታችንም ውሃ አልጠጣንም። ነጋዴዋ እንኳ አላማረረችም።

እኔ ቀድሜያቸው ተፈታሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከልጆቼ ጋር ተቀላቀልኩ። እሷ በሰላም ትገላገል አትገላገል አላውቅም። ያንን ነገር አሸክሜያት መውጣቴ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

አሁንም ያንኑ ትምህርት አስተምራለሁ። ፊቴ የሚቀመጡት የስንዴ ገበሬ ልጆች ናቸው። ስለ ኬሚካሉም ስለ ጀሪካኑም ምንም ሳልሸፍን እነግራቸዋለሁ። ከዚያ መጽሐፉን አጥፌ፣ ቤት ሲገቡ ይህን ለእናቶቻቸው እንዴት አድርገው እንደሚነግሯቸው አንድ በአንድ እጠይቃቸዋለሁ።