ወንድሙን የከሰሰው አናጢ

የእንጨት ሥራ ቤቱ ሠራተኞች አናጢውን «ቀስ በሉ» ነበር የሚሉት። አንዱ ሚስማር ሲያጣምም ወይም ጣውላ ሲጥል ካየ፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ «ቀስ በሉ እንጂ፣ እንጨት እኮ አይሸሽም» ስለሚል የወጣለት ስም ነው። በርና ቁም ሣጥን ላይ አበባና ሐረግ የሚቀርጸው እሱ ነበር። ቤቱ የታላቅ ወንድሙ ነው። አባታቸው ቀድሞ ስለሞተ ያሳደገውም፣ መዶሻ ያስጨበጠውም ይኸው ወንድሙ ነው። ስለዚህ አግብቶ፣ ሴት ልጆች ወልዶም ቢሆን ከ«ጋሼ» ሌላ ጠርቶት አያውቅም።

ባለ ጠረጴዛው የኤሌክትሪክ መጋዝ ጥርሱን የሚሸፍን የብረት መከለያ ነበረው። ወፍራም ጣውላ አላሳልፍ እያለ ሥራ ያጓትታል ብሎ ጋሼ አንድ ቀን ፈታውና መደርደሪያ ላይ ወረወረው።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ደስ አይልም» አለው ቀስ በሉ።

«ይሄን የሆቴል ትእዛዝ እናስረክብና እመልሰዋለሁ።»

ያ ትእዛዝ አለቀ፤ ሌላ መጣ፤ መከለያው እዚያው ቀረ።

አደጋው የደረሰው ረፋድ ላይ ነው። ጣውላው ጉጥ ነበረበት። መጋዙ ሲደርስበት እንጨቱ ወደ ኋላ ተስፈነጠረ፤ የቀስ በሉ ቀኝ እጅ ግን ወደ ፊት ሄደ። ከአውራ ጣቱ በቀር የተረፈለት የለም። ጋሼ ሸሚዙን አውልቆ እጁን ጠቀለለለትና ታቅፎት ወደ መኪና ሮጠ። ሆስፒታሉ ደጅ እንደ ሕፃን ሲያለቅስ ያዩት ሰዎች የተጎዳው እሱ መስሏቸው ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ጋሼ የወንድሙን የቤት ኪራይም የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያም ቻለ። እያደር ግን ገንዘብ አጠረው፤ ቢቸግረው ፊቱም ጠቆረ። ቀስ በሉን ደንበኛ እንዲቀበል በር ላይ ቢያስቀምጠውም፣ መሮዎቹን ሌላ ሰው ይዟቸው ማየት አልሆነለትም። እቤቱ መዋል ጀመረ።

«ወንድምህ ክፉ አይደለም» አለችው ባለቤቱ። «ግን ደግነትም ይደክመዋል። እስቲ ሕግ የሚያውቅ ሰው እንጠይቅ።»

የጠበቃዋ ቢሮ ከጎሚስታ ቤት በላይ ነው። ከታች ጎማ ሲነፋ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። ቀስ በሉ ገና ሳይቀመጥ «ወንድሜን መክሰስ አልፈልግም» አላት።

«ይረዱኝ» አለች ጠበቃዋ። «ሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ካሳ አለ። ሕጉ ወንድምዎ ክፉ ነው ወይ አይልም። ማሽኑ የማን ነው፣ ለማን ሲሠሩ ተጎዱ ነው የሚለው። እሳቸው ደግሞ ለሠራተኞቻቸው ኢንሹራንስ ገብተዋል። ክሱ ላይ ስማቸው ይጻፋል እንጂ ከፋዩ ኢንሹራንሱ ነው። ደግሞ ክሱ የጊዜ ገደብ አለው፤ ካለፈ በሩ ይዘጋል።»

ጋሼም ተስማማ፤ እንዲያውም የኢንሹራንሱን ወረቀት ራሱ አምጥቶ ሰጠ። ነገሩ የተበላሸው ኢንሹራንሱ መልስ ሲሰጥ ነው። መከለያውን የፈታው ሠራተኛው ከሆነ ጥፋቱ የራሱ ነው፤ ባለቤቱ ከሆነ ደግሞ የምንከፍለውን ከባለቤቱ መልሰን እንጠይቃለን አለ።

ቀስ በሉ የዚያኑ ዕለት ወንድሙ ዘንድ ሄደ። «እውነቱን ብቻ ተናገር ጋሼ። የመጣውን አብረን እንችለዋለን።»

ጋሼ መሬት መሬት እያየ «እናየዋለን» አለ።

ፍርድ ቤት እናታቸውም መጥተው ከኋላ ተቀምጠዋል። ዳኛው መከለያውን ማን እንደፈታው ጋሼን ጠየቁት።

«እሱ ነው» አለ ጋሼ።

ጠበቃዋ ልትነሳ ስትል ቀስ በሉ በግራ እጁ እጅጌዋን ያዛት። «ይተዉት።»

«ምን ማለትዎ ነው? ሁለት ጥያቄ ብጠይቃቸው አይቆሙም» አለች በሹክሹክታ።

«እሱን ብዬ ነው ይተዉት የምለው።»

ፍርድ ቤቱ ጉዳቱ ሥራ ላይ የደረሰ ነው ብሎ ካሳ ፈረደለት፤ ጥፋት አለበት ብሎ ደግሞ ብዙውን ቀነሰበት። በተረፈው ብሎን፣ ሙጫና ብርጭቆ ወረቀት የሚሸጥበት ጠባብ ሱቅ ከፈተ። ጋሼ በዚያ በኩል ማለፍ ተወ።

እናታቸው ግን ነገሩ አልወጣላቸውም። አንድ ቀን ሊጠይቃቸው ሲሄድ አጠገባቸው አስቀመጡት።

«እውነት ብረቱን ያወለቅከው አንተ ነህ?»

«አዎ እማዬ፣ እኔ ነኝ።»

«ታዲያ በገዛ ጥፋትህ ያሳደገህን ወንድምህን ፍርድ ቤት ታቆመዋለህ? ጡቴ ነውር አጠባህ?»

ከዚያ ወዲያ ሲሄድ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞሩ ነበር። በዚያ ዓመት ክረምት ሞቱ፤ ሳይታረቁት።

ቀብሩ ላይ ወንድማማቾቹ አልተነጋገሩም። ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ሰው ሳሳ ሲል ጋሼ መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። ጠጉሩ ድፍን ነጭ ሆኗል።

«እማዬ እስክትሞት አንተን ስትራገም ነበር» አለ። «ምን ብለሃት ነው?»

«የጠየቀችኝን መለስኩላት።»

«ምን ብለህ?»

«አንተ ፍርድ ቤት ያልከውን።»

ጋሼ ፊቱን በነጠላው ሸፈነ። «እንጨት ቤቱን የሚወስዱብኝ መስሎኝ ፈራሁ» አለ ከውስጥ። «እንዲያው ፈራሁ።»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«እሷ እንኳ ብታውቅ ምን ነበረበት?»

«በስተርጅና፣ ውሸታም ነው ያሳደግኩት ብላ እንድትሞት አልፈለግኩም። ከሁለታችን አንዳችን ልናሳዝናት ግድ ነበር።»

ሰዎች ሊያጽናኑ ገቡና ሁለቱም ተነሥተው ቆሙ። አሁን ጋሼ አልፎ አልፎ ሱቁ ድረስ ይመጣል፤ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ስለ እንጨት ዋጋ ያወራል። ቀስ በሉም ያዳምጠዋል። እንጨት ቤቱን ግን እስከ ዛሬ አልረገጠም፤ ወደ እናቱም መቃብር ብቻውን ካልሆነ አይሄድም።