የገዛ ልጁ አጎት

ለማስተማር ተመድቤ ጭሮ ስመጣ የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት፣ ሐጅ ያደረጉ አንዲት እናት፣ ተከራይ የሚያስገቡት መርምረው ነበር። ኒካህ ያላሰሩ ወንድና ሴት በራቸውን አያልፉም። ይህን የሚያውቀው ጎረቤቴ፣ ጫት መኪና ላይ የሚጭን የቀን ሠራተኛ፣ ከመቻራ ያመጣትን ሴት “እህቴ ናት” ብሎ አስገባት። ሆዷ ሲገፋ “ባሏ ጅቡቲ ነው” አለ። እኔ የሰው ጓዳ መጎርጎር ስለማልወድ ዝም አልኩ። አከራያችንም አምነው ለአራሷ ገንፎ አገነፉላት።

ሕፃኗ ዳዴ ማለት ስትጀምር እናቷ ዓረብ አገር ሄደች። ጥቂት ጊዜ ደወለች፤ ከዚያ ስልኳ ተዘጋ። እሱ ሥራ ሲሄድ ሕፃኗ አከራያችን እጅ ትውል ጀመር።

ዘንድሮ ልጅቷ ለትምህርት ደረሰችና አባትየው በስሙ የልደት ሰርተፍኬት ሊያወጣላት ቀበሌ ሄደ።

“እናትየው ቀርባ አባትነትህን ትቀበል” አሉት።

“ዓረብ አገር ናት።”

“እንግዲያው ፍርድ ቤት።”

አንዱ ሠራተኛማ “አዲስ አበባ ሄደህ ዲኤንኤ አስመርምር” አለው። ሰውየው ለመሳፈሪያ እንኳ የለው! በየመስኮቱ የሚሰጡት ምክር ሁሉ ገንዘብ ላለው ሰው ነበር።

ፍርድ ቤቱ ደግሞ ከእናትየው ጋር እንደ ባልና ሚስት መኖሩን የሚያውቁ ምስክሮች አምጣ አለው። ከየት ያምጣ? ሰፈሩ የሚያውቀው የልጅቱ አጎት መሆኑን ነው። አብሮት የሚጭነው ጓደኛው አንድ ሆነ። ሁለተኛ ሲያጣ በሬን አንኳኳ።

“ቲቸር፣ የቀረሽኝ አንቺ ነሽ።”

“እኔ የማውቀው እህትህን ነው።”

“ወላሂ ሚስቴ ነበረች።”

“ያኔም እኮ በወላሂ ነው እህቴ ናት ያልከው።”

ተናደድኩበት። በሐሰት ምዬ ነፍሴን ላስይዝለት ነው? ግን ደግሞ ልጅቷ ማታ ማታ “አባ” እያለች እግሩ ላይ ስትጠመጠም አይቻለሁ። ጎጃም ላሉት ንስሐ አባቴ ደወልኩላቸው። “ያየሽውን ብቻ ተናገሪ፣ አንድም አትጨምሪ” አሉኝ።

ቀጠሮው አንዴ ዳኛው ስብሰባ ሄደው፣ አንዴ አስተርጓሚ ጠፍቶ ተላለፈ። ችሎቱ በኦሮምኛ ነውና የእኔ አማርኛ አስተርጓሚ ይፈልጋል። በተላለፈ ቁጥር የእሱ የቀን ሥራ ይቀራል። በስተመጨረሻ መጽሐፍ ቅዱስ ይዤ ማልኩ።

“እህቱ አለመሆኗን በምን አወቅሽ?” አሉኝ ዳኛው።

“ግድግዳችን አንድ ነው። ሲጣሉ እሰማለሁ። እህትና ወንድም ሲጣሉ ይኮራረፋሉ፤ እነሱ ግን ሳይመሽ ይሳሳቁ ነበር። የአራስ ልብሷንም የሚያጥበው እሱ ነው። የእኔ ወንድም መሐረቤን አያጥብልኝም።”

አስተርጓሚው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ዳኛው ግን ጻፉት።

ተፈረደለት፤ ሰርተፍኬቱም በስሙ ወጣ። ደስታው እስከ ግቢው በር ነበር። ወሬው ቀድሞን ደርሶ አከራያችን ደጃፉ ላይ ቆመዋል።

“አንተ! ኒካህ ሳታስር፣ እኔ ቤት?”

“እማ፣ ይኸው ፍርድ ቤት...”

“ፍርድ ቤት ኒካህ አያስርም! ልጅቷን ተዋት፣ አንተ ውጣ።”

“ልጄን?”

“ያሳደግኳት እኔ ነኝ!”

ላማልድ ጠጋ ስል ወደ እኔ ዞሩ። “አንቺማ ግድግዳ ስታዳምጪ ኖረሻል!”

የተናገርኩት እውነት ነው፤ ቤቱን ያሳጣውም ይኸው እውነት ነው። ፍራሹን ተሸከመ፤ ልጅቷ ማንቆርቆሪያ ያዘች፤ እኔ ጀሪካኑን። ላይኛው ሰፈር አንድ ሰውዬ የሚከራይ ክፍል አሳየን። ቁልፉን ሊሰጠው እጁን ዘርግቶ፣

“እናቷስ?” አለ።

ጎረቤቴ አፉን ሲከፍት ክንዱን ያዝኩት። “አደራህን፣ ዛሬስ እውነቱን።”

ተመለከተኝ። ከዚያ “ዓረብ አገር ናት። ኒካህ አላሰርንም” አለ።

ሰውየው ቁልፉን ወደ ኪሱ መለሰ።

“ክፍሉ ለካ ተይዟል” አለን።