አባቴ የመረጠልኝ ጆንያ

ይህ የሆነው ካቻምና ነው። እስካሁን ከአእምሮዬ ያልወጣው ብዙ ስለለፋሁ ብቻ አይደለም፤ ለአባቴ ያልነገርኩት ነገር ስላለ ነው።

የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ለሁለተኛ ዲግሪ ሶዶ ስማር የመመረቂያ ሥራዬ፣ የትውልድ ቀዬዬ የገሱባ ሰው ለሆድ ቁርጠት ቀቅሎ ከሚጠጣው ቁጥቋጦ ሥር አንድ ንጹሕ ንጥረ ነገር ለይቶ ማውጣት ነበር። የትምህርት ፈቃዴ ሊያልቅ አራት ወር ቀርቶታል። ካልደረስኩ ያለ ዲግሪ ወደ ማስተማሬ መመለስ ነው።

ሥሩን የቆፈረልኝ አባቴ ነው። ገሱባ አጠገብ የሚኖር ገበሬ ነው፤ ጉልበቱ ግን እንደ ድሮው አይደለም። ሦስት ቀን ቆፈረ፣ አጠበ፣ በጥላ አደረቀ። እንዳይቆሽሽብኝ ብሎ ከቤቱ ጆንያዎች አዲሱን መርጦ ሞላልኝ። በሞተር ጭኜ በዚያ ኮረኮንች ይዤው መጣሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ልፋት ብቻ ነው። መውቀጥ፣ በአልኮል መዘፍዘፍ፣ ማጥለል፣ አልኮሉን ማትነን፣ የቀረውን ዝልግልግ ነገር መለያየት፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ እንደገና መጀመር። ዓይኔ ደፈረሰ። ልብሴ አልኮል አልኮል ይሸታል። ባለቤቴ «የጸሎት ቤት ሰው ሳያሸትህ ቶሎ ታጠብ» ትለኝ ነበር።

በሁለተኛው ወር አንድ ጠዋት ብልቃጧን ከፍ አድርጌ ሳይ፣ ታች ላይ መርፌ የመሰሉ ነጫጭ ክሪስታሎች ተደርድረዋል። መጀመሪያ የደወልኩት ለአባቴ ነው። በዚያው እሑድ ምእመኑ ፊት ቆሞ «ልጄ ከቆፈርኩት ሥር መድኃኒት አወጣ» ብሎ መመስከሩን ሰማሁ።

ናሙናው አዲስ አበባ ተልኮ ተመረመረ። ውጤቱ ሲመጣ አማካሪዬ ቢሮው ጠራኝና ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

«ታምራት፣ በጣም ንጹሕ ነው» አለኝ። «ግን ዩሪያ ነው፤ ማዳበሪያ። ከየት አመጣኸው?»

አልገባኝም። ላቦራቶሪ ሄጄ ጥግ የጣልኩትን ጆንያ ገለበጥኩት። ስፌቱ ውስጥ ነጫጭ ፍሬዎች ተሰግስገዋል። አባቴ የመረጠልኝ አዲስ ጆንያ በዚያው ዓመት የገዛው የዩሪያ ጆንያ ነበር። እኛ ዘንድ በቆሎውም ቦዬ የምንለው ሥራ ሥርም የሚጫነው በዚያ ነው፤ ማንም ልብ አይለውም። እኔ ግን የኬሚስትሪ መምህር ተብዬ፣ ላዩ ላይ የተጻፈውን በየቀኑ እያየሁ አለፍኩ። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ለመናደድ እንኳ አቅም አልነበረኝም።

የቀረኝ አንድ ወር ከምናምን ነው። እንደገና ገሱባ ሄጄ ራሴ ቆፍሬ ሥሩን በአንሶላ ቋጠርኩት። አባቴ «ጆንያ ሞልቶ ለምን በአንሶላ?» ሲለኝ «ለመሸከም ይቀለኛል» አልኩት። በሁለተኛው ዙር ያገኘሁት ቡናማ ሙጫ ብቻ ነው፤ ክሪስታል ሊሆን አልቻለም። ያንኑ እንዳለ ጽፌ፣ በዝቅተኛ ውጤት፣ እንደምንም ተመረቅሁ።

በምርቃቴ ማግስት አባቴ ቤቴ ተቀምጦ «እስቲ መድኃኒቱን አሳየኝ» አለ። ያቺን የመጀመሪያዋን፣ የነጫጭ ክሪስታሎቹን ብልቃጥ ሰጠሁት። ሌላ የማሳየው ነገር አልነበረኝም። ወደ መስኮቱ አስጠግቶ አገላበጣት።

«ዩሪያ ይመስላል እኮ» አለኝ በወላይትኛ። ከዚያ በራሱ ሳቀ። «እኔ ምን አውቃለሁ! ለገበሬ ነጭ ነገር ሁሉ ማዳበሪያ ነው።»

እኔም አብሬው ሳቅሁ። እኔ በሁለት ወር ያልደረስኩበትን እሱ አንዴ አይቶ አወቀው፤ እኔ ግን ባላዋቂነቱ እንዲስቅ ተውኩት። ይኼ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

አባቴ አሁንም ስለ መድኃኒቱ ይመሰክራል። ልነግረው ስል ሦስት ቀን የቆፈሩት እጆቹ ትዝ ይሉኝና ይደክመኛል። እዚህ የጻፍኩትም አማርኛ ስለማያነብ ነው።