ላብ ገንዘብ የሆነበት አገር

ልጅ ሳለሁ፣ ነቀምቴ አካባቢ ዲጋ አጠገብ ባለው የሰፋሪዎች መንደራችን፣ አመሻሽ ላይ በቆሎ ስንፈለፍል ተረት የሚነግረን የአባቴ አጎት አያ ተገኝ ነበር። ከወሎ ስንመጣ ሳይሰረቅብኝ የደረሰ ንብረቴ ተረቴ ብቻ ነው እያለ ይስቅ ነበር። ያኔ የተፈለፈለው በቆሎ ቆረቆንዳ ፍሙ ላይ ሲጨስ፣ የኩራዙ ብርሃን የፊቱን ግማሽ ሲያሳየን፣ እኔ ከጉልበቱ ሥር ንቅንቅ አልልም።

አንዱ ተረቱ ሁሉም ሰው አስማት ስለሚያውቅበት አገር ነበር። እዚያ ቅጠል ቀጥፈው እፍ ሲሉበት ብር ይሆናል። መጀመሪያ ሁሉም ከበርኩ ብሎ ጨፈረ። በማግስቱ ግን እህል ሻጩ «ብርህን ምን ላድርገው? እኔም ጓሮ ቅጠል ሞልቷል» አለ። እህል ደግሞ እፍ ስላሉበት አይበቅልም፤ ላብ ይፈልጋል። ስለዚህ ላብ ገንዘብ ሆነ። ድሃው ፀሐይ ላይ እየሮጠ ላቡን በቅል ያጠራቅማል፤ ሀብታሙ ገዝቶ በጋን ይሞላል፤ እንግዳ ሲመጣ ክዳኑን ከፍቶ ያሳያል።

«ኤጭ! ሽታው አያስጠላቸውም?» አልኩት አፍንጫዬን ይዤ።

«መጀመሪያ ያስጠላቸዋል፣ የኔ ልጅ። ኋላ ይለምዱታል።»

በዚያው ዓመት ነቀምቴ ላይ ብር የሚያባዛ ሰው ቤት ተከራይቷል ተባለ። አባቴ ደርሶ ተመለሰና እጥፍ ሆነልኝ ያለውን ብር ለጎረቤት ሁሉ አሳየ። እናቴ ገበያ ስትውል በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝ ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፤ ያለቻትን አንድ ላም ሸጣ ብሩን በአባቴ እጅ ላከች። በሳምንቱ ሰውየው ጠፋ። አባቴም ከሌሎቹ ጋር «ተዘረፍን!» ብሎ ጮኸ።

በማግስቱ ጠዋት ግን ከጓሮ ለእናቴ ሲነግራት ሰማሁት። ያ እጥፍ ብር ለማሳያ የተሰጠው ነበር፤ ላመጣለት ሰው ሁሉ ደግሞ ሰውየው ድርሻ ከፍሎታል። እናቴ «በል ማንም እንዳይሰማ» አለችው። የዚያኑ ቀን አባቴ ሥጋ ገዝቶ መጣ።

ወጡ ገና ምድጃ ላይ እያለ አዴ ጫልቱ ልታጽናናን መጣች። እኛን! አባቴም እንደሷ የተዘረፈ መስሏታል። «አከም ጅርቱ?» ብላ ሰላምታ ሰጥታ፣ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ተቀመጠች። እናቴ ወጡን አውጥታ አቀረበችላት። በልታ ስትጨርስ ሁለት እጇን ዘርግታ «ዋቅኒ መነ ኬሰን ሃ ኤቢሱ» አለች፤ እግዜር ቤታችሁን ይባርክ ማለቷ ነው።

አባቴ «አሜን» አለ።

ያኔ ሮጬ ሄጄ ለአያ ተገኝ ነገርኩት። መጥቶ በራችን ላይ ቆመና «የዚችን ሴት ላም ነው የምትበሉት?» አለ።

«እኔ መንገድ ነው ያሳየኋት» አለ አባቴ፣ ቀና ሳይል።

አዴ ጫልቱ አንዴ አባቴን፣ አንዴ የበላችበትን ሳህን አየች። ተነስታ ወጣች። ደጅ ካለው እንስራ ውኃ ቀድታ አፏን ተጉመጠመጠችና በራችን ላይ ተፋችው።

ኋላ አባቴ በሽማግሌ ተገዶ ጊደር ወሰደላት። ጊደሯን ተቀበለች፤ እሱን ግን ዳግመኛ ደጇን አላስረገጠችውም። አያ ተገኝም ከዚያ ወዲያ በቆሎ የሚፈለፍለው እሷ ቤት ነበር።

ይህን የሚሰማ ሰው ሁሉ አባቴን ይጸየፋል። እኔን እስከ ዛሬ የሚያቅለሸልሸኝ ግን ሌላ ነው። ጠዋት ሁሉን ሰምቼ ነበር፤ ሥጋው በምን እንደተገዛ አውቅ ነበር። አዴ ጫልቱ ከመምጣቷ በፊት እናቴ ከድስቱ በትንሽ ሳህን ቀንሳ ስትሰጠኝ በላሁ። ጣፈጠኝ። ጨምሪልኝም አልኳት።