ወንድሜ ሳይደርስ የተጠገነችው አውሮፕላን

ባለፈው ሳምንት የልጄን ጫማ ላስለጥፍ ሊስትሮ ዘንድ ቁጭ ብዬ፣ ሰውየው የሱፐር ግሉውን ክዳን ሲከፍት ያ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ጉሮሮ የሚይዝ ሽታ ነው፣ ታውቀዋለህ። ከስንት ዓመት በኋላ በአንዴ አምቦ፣ የእናቴ ሳሎን ውስጥ አስቀመጠኝ።

አስራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ ቀደም ብሎ ስላረፈ ቤቱ የእናቴ፣ የእኔና የታላቅ ወንድሜ ነበር። ወንድሜ አዲስ አበባ የአውሮፕላን ጥገና ተምሮ ገና ሥራ መጀመሩ ነው። በመጀመሪያ ደሞዙ ምን የገዛ ይመስልሃል? እየገጣጠሙ የሚሠሯት የፕላስቲክ አውሮፕላን። የሰው ልጅ ለእናቱ ጋቢ ይገዛል፣ የእኛው መጫወቻ ይዞ መጣ። የገናን ሰሞን ሳሎን ወለል ላይ በደረቱ ተኝቶ ሲለጥፍ ከረመና ቡፌው ላይ አቁሟት "እማ፣ አደራ፣ እንዳትነኪያት" ብሎ ተመለሰ።

እናቴ ደግሞ አለመንካት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ ለእሷ ያልተቀቀለ ነገር ንጹህ አይደለም። ወንድሜ ቅዳሜ እመጣለሁ ብሎ ሲደውል ቤቱን ስታጸዳ አውሮፕላኗን አቧራ ለብሳ አገኘቻትና እንደ ሕክምና ዕቃ የፈላ ውሃ ውስጥ ነከረቻት። ስትወጣ አንዱ ክንፏ እንደ ደረቀ ቆዳ ተጠቅልሏል፣ ጅራቷ ተንጋዷል፣ የፊት ጎማዋ የለም። እናቴ ስንት ቁስል ያጠበች ሴት፣ ያንን ክንፍ በጣቷ ልታቃና ስትታገል አየሁ።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ በምን ዓይኔ ነው የማየው? አንድ ነገር ነው አደራ ያለኝ።"

ያዳናት መምህሩ ነው። ግቢያችን ውስጥ ሰርቪስ ቤቷን የተከራየ የጎጃም ሰው፣ የሥዕል መምህር ነበር። ሐሙስ ማታ አውሮፕላኗን አገላብጦ አያትና ሳቀ።

"አዴ፣ ስብራቱን ለምን እንደብቀዋለን? የልጅዎ ሥራ የተሰበረ አውሮፕላን መጠገን አይደል? ሲጠግን እናሳየዋ።"

ከጫማ ካርቶን ሀንጋር፣ የአውሮፕላን መጠገኛ አዳራሽ፣ እንሠራለን፣ የተጠቀለለውን ክንፍ ነቅለን መደገፊያ ላይ እናጋድመዋለን፣ ወንድሜንም ትንሽ ሰው አድርገን አጠገቡ እናቆመዋለን አለ። ዲዮራማ ነው የሚባለው። እናቴ ስሙን መያዝ አቅቷት "ያ ድራማው" ትለው ነበር።

ዓርብ ከሰዓት መምህሩ ከወትሮው ቀድሞ ገባ። የግቢውን በር ከውስጥ ቆለፈው። የካርቶኑን ውስጥ ላብራበት ብሎ የእናቴን ስልክ ተቀበላት፤ ትንሽ ቆይቶ "ቻርጅ ጨርሷል፣ እኔ ቤት ልሰካልዎት" ብሎ ወሰደው። እኔ ሰማያዊ ቀለም ልግዛ ብዬ ስነሳ "ቁጭ በይ፣ ያለንን እንቀላቅላለን" አለኝ። ምንም አልጠረጠርኩም። በስቴኪኒ መሰላል ሠራን፤ ከቆርኪ ጎማ፣ ከሽቦና ከሶፍት ደግሞ ሰውየውን።

"ምን ዓይነት ልብስ ነው ሲሠራ የሚለብሰው?" አላት።

"ሰማያዊ ቱታ። እጅጌውን እስከ ክርኑ ይሰበስበዋል። ሥራ ሲይዝ ደግሞ ምላሱን ያወጣል፣ ከልጅነቱ ጀምሮ።"

መምህሩ እጅጌውን ሰበሰበለት። በስፒል ጫፍ ቀይ ቀለም ነክቶ ምላስ አወጣለት። እናቴ "ቁርጥ እሱን" ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። መምህሩም ሳቀ። ስማኝ፣ አብሮን ሳቀ። ከዚያ ብሩሽ ላጥብ ብሎ ወደ ቧንቧው ወጣና ቆየ። ውሃው ዝም ብሎ ሲወርድ ይሰማኛል። "ጋሼ፣ ውሃችንን ጨረስከው እኮ" ብዬ ቀለድኩበት። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። ግሉው ነው አለን። እኛም ግሉው ነው ብለን አመንን።

ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። እናቴ "በሌሊት ተነስቶ ነው የመጣው" ብላ ከአልጋዋ ዘለለች። ነጠላም አልደረበችም፤ ካርቶኑን በሁለት እጇ ይዛ እየሮጠች ወጣች። "ዱፍቴ፣ ኢልመ ኮ? መጣህልኝ ልጄ?"

በሩን የከፈተው መምህሩ ነበር፣ ለባብሶ ቆሞ ሲጠብቅ ያደረ ይመስል። ደጅ ላይ የቤተክርስቲያን ሽማግሌዎች፣ ከጉደር የመጣው አጎቴ፣ የጤና ጣቢያ ባልደረቦቿ፣ ሁሉም ጋቢና ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። እናቴ ካርቶኑን እንደያዘች አንድ በአንድ አየቻቸው፣ እሱን ስትፈልግ።

ወንድሜ ሊያስደንቀን ብሎ ዓርብ ጠዋት ነበር የተሳፈረው። መኪናው ከአዲስ ዓለም ወዲህ ተገልብጧል። እኛ ለቱታው ሰማያዊ ስንቀላቅል እሱ ከሞተ ሰዓታት አልፈውታል።

አጎቴ መሬት ላይ ሲወድቅ፣ እናቴ ስትጮህ፣ እኔ የማየው መምህሩን ብቻ ነበር። ያውቅ ነበር። መርዶ በጠዋት ነው የሚነገረው፤ ሽማግሌዎቹ ቀን ደውለው "እስክንመጣ ሰው እንዳይገባባት፣ ስልክም እንዳታነሳ" ብለው አደራ ጥለውበታል። ወጉን አላጣሁትም፣ በዚያው አገር ነው ያደግሁት። ግን ሰው እንዴት የሞተን ሰው ምላስ እየቀባ ይስቃል? ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የእኛ የጴንጤ ቤት ነው፣ ብቅል አይገባበትም፣ እንጃ።

ከዚያ በኋላ አላናገርኩትም። ሰላም ሲለኝ ፊቴን አዞራለሁ። እናቴ ግን ምሳ በሠራች ቁጥር ለእሱ ሰሃን ታወጣለች። አንድ ቀን አላስችል አለኝና ኩሽና በር ላይ ያዝኳት። "እንዴት አስቻለሽ? ፊታችን ተቀምጦ ሲያታልለን አመሸ እኮ" አልኳት።

እናቴ ወጡን ማውጣቷን አላቆመችም።

"ያን ሌሊት ልጄ ነገ ይመጣል ብዬ ነው የተኛሁት" አለችኝ። "እንደዚያ ያለ እንቅልፍ ከዚያ ወዲህ ተኝቼ አላውቅም። የሰጠኝ እሱ ነው።"

ሰሃኑን በሌላ ሰሃን ከደነችና ወደ ሰርቪስ ቤቱ ይዛለት ሄደች።